የቀኝ መብራቱ

ለምወድህ ወንድሜ፣

እንዴት ሰነበትክ? ያ ደረቅ ሳልህ ለቀቀህ ወይስ ዛሬም መድኃኒቱን ትተህ በሻይ ታባብለዋለህ? ባለቤትህስ ወገቧ ተሻላት? ልጅህ ጥርስ ማውጣት ጀምራለች ብለኸኝ ነበር፤ ጥርስ ሠሪዋ አክስቷ ሳላያት ስንት አበቀለች? ሁላችሁንም በያላችሁበት ሰላም ያቆያችሁ።

እኔ በጤናዬ ደህና ነኝ። አባባም ይበላል፣ ይተኛል፣ ደረጃውን እየተደገፈ ይወርዳል። ከዚህ አልፌ «ሁላችንም ደህና ነን» ልልህ ፈልጌ እጄ እምቢ አለኝ። ይህን የምጽፍልህ ከሥራ ቦታዬ ነው፣ በምሳ ሰዓት። ሌሎቹ ወጥተዋል፤ ጠረጴዛዬ ላይ ከጀሶ የተሠራ የሰው መንጋጋ ተደርድሮ ያየኛል። ቤት ውስጥ ሦስት ጊዜ ጀምሬ ሦስቴም አባባ ከኋላዬ መጥቶ የቆመ እየመሰለኝ ቀድጄዋለሁ። ወንድሜ፣ ፈርቻለሁ። ባለፈው በስልክ ድምፄን ሰምተህ ጉንፋን ይዞሽ ነው ወይ ያልከኝ፣ ጉንፋን አልነበረም።

ነገሩን ከመጀመሪያው ልንገርህ፤ አለዚያ ይምታታብሃል።

የላክኸው ሳጥን በደህና ደረሰ። የአባባ ሐኪም እጁ ሥራ ካላጣ ጭንቅላቱም ቶሎ አይከዳውም ማለቷን ስነግርህ፣ ለዕድሜ ልክ የጭነት መኪና ሹፌር በሪሞት የሚነዳ የጭነት መኪና ልትልክለት ማሰብህ ያንተ ነገር ነው፤ ሌላ ሰው አያስበውም። የከፈትነው እሁድ ከምሳ በኋላ ነው። ውስጡ መኪና ሳይሆን የመኪና አጥንት ነበር፦ ሁለት ረጃጅም የብረት ሻንሲ፣ ጥፍር የምታክል ባሌስትራ፣ ሦስት ማርሽ ያለው ካምቢዮ፣ የእውነተኛ ጎማ ሽታ ያላቸው ትንንሽ ጎማዎች፣ ቁጥር በተጻፈባቸው ከረጢቶች የታሸገ የብሎን መዓት። እኔ ገና ሳየው ደከመኝ። አባባ ግን እጅጌውን ሰበሰበ።

ብታየው! ጠዋት የኔን ስም ፈልጎ ያጣው ሰውዬ፣ ከሰዓት የእያንዳንዷን ብሎን ቦታ ያውቃል። መመሪያውን እያገላበጠ፣ ይሄን የጻፈው ሰው በሕይወቱ ታክሲ እንኳ ተሳፍሮ አያውቅም እያለ ይሳደባል። እኔ ካቻቢቴ አቀባይ ሆንኩ። ካምቢዮውን ግራሶ ቀብቶ ሲዘጋው ጆሮው ላይ ያስጠጋና በጣቱ እያዞረ ያዳምጠዋል፤ ፊቱ ላይ ያየሁት ደስታ እማማ ካረፈች ወዲህ ያላየሁት ነው። በየቀኑ ከሥራ ስመለስ ጠረጴዛው ላይ አንድ ነገር ጨምሮ አገኘዋለሁ።

ጋቢናው ከሳጥኑ ሲወጣ ነጭ ነው። ነጭማ የሬሳ መኪና ነው አለና፣ እንደ ድሮው መኪናው ሰማያዊ እንቀባው አለኝ። ከሥራ ቦታ ጥርስ የምንሞርድበትን ትንሽ መሰርሰሪያና ሰም አመጣሁለት። ስፖኪዮውን ከተሰበረ የእጅ መስታወቴ ቆረጥኩ፤ ጭነት የሚጫንበትን ካሶኒ እሱ ከአይስክሬም እንጨት ገጣጠመ፤ ሸራውን ከአሮጌ ጃንጥላ ሰፋን። ይበልጥ ያቺን መኪና ይምሰል እንጂ እያልን ሦስት ሳምንት በጨዋታ አለፈ። ፎቶ ልልክልህ አስቤ ሲያልቅ ይሻላል ብዬ ተውኩት። እንኳን ተውኩት።

መብራቶቹን የገጠምኩት እኔ ነኝ። ሁለቱም ቦግ ሲሉ አጨበጨብኩ። አባባ አላጨበጨበም። ፒንሳውን አነሳና የቀኙን መብራት ቀጭ አድርጎ ሰበረው። እጁ የሳተው መስሎኝ ትርፍ አምፖል ነበረና ተካሁለት። በማግስቱ ስመለስ እንደገና ተሰብሯል፤ ማንኪያ በምድጃ አግሎም የፊት መከላከያውን፣ ፓራውልቱን፣ በቀኝ በኩል ወደ ውስጥ አጉብጦታል። አባባ፣ ስንት የለፋንበትን ለምን ታበላሻለህ አልኩት። ቀና ብሎ ሳያየኝ፣ «አላበላሸሁም፤ እንደዚህ ነበር» አለኝ።

ያን ቀን አልፈራሁም። በሽታው ነው ብዬ ተውኩት።

መንዳት የጀመረው ዓርብ ነው። ኮሪደሩ ጫፍ ወንበር አደረግሁለት፤ መኪናው ከወጥ ቤቱ በር ተነስቶ ወደ መስኮቱ ይሄዳል። ማርሽ ሲቀይር ከንፈሩ አብሮ ይንቀሳቀሳል። የጫማ መደርደሪያው ጋ ሲደርስ ድንገት አቆመው። ትንሽ ወደ ኋላ መለሰው። ከዚያ ከወንበሩ ወርዶ በጉልበቱ ተንበረከከና ባዶውን ወለል በሁለት እጁ ዳበሰ። ከዚያም አንድ ነገር አነሳ፤ ምንም የለም እኮ፤ ደረቱ ላይ አቀፈው፣ በኮቱ ሸፈነው፣ አምጥቶ ጋቢናው ውስጥ «አስቀመጠው»። ተመልሶ ተቀመጠና እስከ መስኮቱ ነዳው።

በማግስቱም እንደዚያው። ከዚያም በየቀኑ፤ ሁልጊዜ የጫማ መደርደሪያው ጋ፣ ሁልጊዜ ያው አነሳስ። ጎረቤታችን በበሩ አሻግራ አይታ፣ ሽማግሌው ልጅ ሆነላችሁ ብላ ሳቀች። እኔም አብሬያት ሳቅሁ፤ ከዚያ በሩን ዘጋሁት።

ቀጥሎ ተሳፋሪ ሥሪልኝ አለኝ። ትንሽ ልጅ ይሁን አለ። የጥርስ ሰም ይዤ ተቀመጥኩ፤ እሱ አጠገቤ ሆኖ እያረመኝ ሠራሁ። ፀጉሩ ሉጫ አይደለም አለኝ። ሆዱ ይነፋ አለኝ። ጫማውን አሳምሬ ስጨርስ ተቆጣ፤ የግራ እግሩ ጫማ የለውም አለኝ። ወንበሩ ላይ ላስቀምጠው ስል እጄን ያዘና፣ «ዝቅ አድርጊው፤ በመስታወቱ ወደ ውጭ እንዳያይ» አለኝ።

ወንድሜ፣ ሰሙ እጄ ውስጥ ቀለጠ።

እማማ አንተ ወደ ቤታችን የመጣህበትን ቀን ስታወራ የምትጀምረው በአንድ ጫማህ ነበር፤ ታስታውሳለህ። እኛም እንስቅ ነበር። አሁን ሳስበው ወሬዋ ከጫማው አልፎ አያውቅም፤ እዚያ ሲደርስ አንድ ነገር ያረረባት ይመስል ተነስታ ወደ ወጥ ቤት ትገባለች። የቀረውን የነገረን አባባ ነው። እናትህ መንገድ ዳር ምግብ የምትሸጥ ሴት እንደነበረች፣ እሱም ደንበኛዋ እንደነበረ፣ ትኩሳት ይዟት ክሊኒክ ውስጥ ስትሞት ዘመድ ስላልነበራት አንተን አደራ ብላ እንደሰጠችው። ይህን ይዘን አደግን። አንተ በመጨረሻው ደብዳቤህ፣ «ሁሉንም ከመርሳቱ በፊት ስለ እናቴ ጠይቂልኝ፤ የት መንደር እንደነበረች ብቻ፣ መልኳ ምን እንደሚመስል ብቻ» ብለህ ለመንከኝ። እኔም ጠየቅሁት። ባልጠየቅሁት እያልኩ ስንት ቀን አልቅሻለሁ።

ማክሰኞ ከሰዓት ነበር። መኪናውን አቁሞ ሊንበረከክ ሲል ቀስ ብዬ፣ አባባ፣ የልጁ እናት ምግብ ቤቷ የት ነበር አልኩት። የምን ምግብ ቤት አለኝ። ያቺ በትኩሳት የሞተችው አልኩት። ወለሉን እያየ፣ ጭጋግ ነበር አለ። ጭጋግ ነበር፣ ገና ሊነጋጋ ሲል፣ እጇን ዘርግታ ነበር አለ። ልጁ ግን አላለቀሰም፤ ሣሩ ላይ ቁጭ ብሎ መብራቱን ያያል አለ። እናቱስ አልኩት። እናቱስ ምን ሆነች አባባ? ሪሞቱን አስቀመጠ። ፊቴን አተኩሮ አየና ወደ ግድግዳው ሸሸት ብሎ፣ «እርስዎ ከፖሊስ ነዎት?» አለኝ።

አባቴ በአንቱታ ጠራኝ። ሕይወቴን ሙሉ እንደዚያ ፈርቼ አላውቅም፤ እሱም እንደዚያ ፈርቶ አይቼው አላውቅም። መኪናውን ብድግ አድርጎ አልጋው ላይ ብርድ ልብስ ውስጥ ቀበረው፣ በላዩም ተቀመጠበት። እኔ ልጅህ ነኝ፣ ልጅህ ነኝ እያልኩ እጁን ይዤ እስኪረጋጋ አንድ ሰዓት አለፈ።

በማግስቱ ምንም እንዳልተፈጠረ ሆኖ ተነሳ። ሻዩን እየጠጣ፣ መኪናው ቢጫ ጨርቅ ያስፈልገዋል፤ ሻሹን ለእናትሽ ሰጥቻታለሁ፣ አጥባዋለች አለኝ። የእማማን ቁም ሣጥን ከሞተች ወዲህ በደንብ ከፍቼው አላውቅም። ከታች፣ ከብርድ ልብሶቹ ሥር፣ በጋዜጣ የተጠቀለለ ቢጫ ሻሽ አገኘሁ፤ ጠርዙ ላይ አረንጓዴ ክር አለው። ታጥቧል፣ ተተኩሷል፣ በአራት ታጥፏል። አንድ ጥግ ላይ ግን ውሃ ያላስለቀቀው ጠቆር ያለ እድፍ አለ። እማማ እንደዚህ ዓይነት ሻሽ አስራ አላየሁም። አንተም አላየህም።

አንተ ስትመጣ ስድስት ዓመቴ ነበርና ያቺን ጠዋት አስታውሳለሁ። መኪናው በር ላይ ቆሟል፤ የቀኝ መብራቱ የለም። አባባ አንተን በኮቱ ጠቅልሎ ሲገባ እማማ መብራቱን ምን ነካው አለችው። በሬ ገጨሁ አላት። ከዚያ በር ዘግተው ተነጋገሩ። እማማ ስትወጣ ገንዳ ውሃ ሞልታ፣ በሩን ከውስጥ ቆልፋ የሆነ ነገር ስታጥብ ዋለች። ያንተን ልብስ መስሎኝ ነበር። ከዚያ ዓመት ወዲህ ነው ጓደኞቹ አባባን «ኤሊው» ማለት የጀመሩት፤ ጭጋግ ሲያይ መኪናውን ዳር አስይዞ ፀሐይ እስክትወጣ ይጠብቃል እያሉ ሲቀልዱበት እሱም ይስቅ ነበር።

እኔ ከዚህ በላይ አልጽፍም። ያየሁትንና የሰማሁትን ብቻ ነው የነገርኩህ፤ የቀረውን እጄ አይጽፈውም።

የምፈራውን ግን ልንገርህ። በሚቀጥለው ወር እመጣለሁ ብለሃል። ወንበሩን ስቦ አጠገቡ አስቀምጦህ፣ የሠራነውን እይ ብሎ በኩራት ሲነዳልህ ይታየኛል። የጫማ መደርደሪያው ጋ ሲደርስ እኔ የት እገባለሁ? ልሰብረው አስቤ ነበር። መዶሻ እስከማንሳት ደርሼ ነበር። ባትሪውን ደብቄው ደግሞ ሁለት ቀን ሙሉ ከአልጋው አልነሳ፣ ምግብ አልቀምስ ሲለኝ መልሼ ገጠምኩለት። ስልክ በጮኸ ቁጥር አንተ እንዳትሆን እጸልያለሁ፤ ያንተን ድምፅ ልፈራ? ያዘልኩህን ልጅ?

ከሁሉ የባሰው ደግሞ አሁንም እወደዋለሁ። ፊቱን ሳጥበው፣ ጥፍሩን ስቆርጥለት እወደዋለሁ። አንተን በጀርባው አዝሎ ዋና ያስተማረህ፣ ስትታመም ሥራ ጥሎ ሆስፒታል ወለል ላይ የተኛው እሱ ነው፤ ይህም እውነት ነው። ሁለቱን አንድ ላይ መያዝ አቃተኝ።

ልደብቅህ ወስኜ ነበር። ቅዳሜ ጠዋት ግን አባባ ከእንቅልፉ ሲነሳ ዓይኑ ጥርት ብሎ፣ ስሜን ጠራኝ። ነገርሽው ወይ አለኝ። ማንን አልኩት። ልጄን አለኝ። «እስካሁን ይዤው ነበር» አለኝ፤ «ሰላሳ ዓመት አንድ ቀን አልጣልኩትም። አሁን ከእጄ እየወጣ ነው። እኔ ከረሳኋት ያቺ ሴትዮ የት ትገባለች?» አለኝ። አባባ ብዬ እጁን ልይዝ ስል ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ከሰዓት በኋላ ስጠይቀው ምንም አያውቅም። ስሜንም አያውቅም።

ስለዚህ ሻሹን ከዚህ ደብዳቤ ጋር ልኬልሃለሁ። ብቻህን ሆነህ ክፈተው፤ ልጅህን ታቅፈህ አትክፈተው። መጥተህ ብትጮህብኝ እሰማሃለሁ። እሱን አላይም ብትልም አልፈርድብህም፤ ታችኛው ደረጃ ላይ እንገናኛለን። ዝም ካልከኝ ግን ምን እንደምሆን አላውቅም። ሻሹ ደርሶኛል የሚል አንድ መስመር ብቻ ጻፍልኝ።

ፈጣሪ ልብህን ያበርታልህ። ያንተና የባለቤትህ ዕድሜ ይርዘም፤ ልጅህ ከእናቷ እቅፍ ሳትጎድል ትደግ። የምትሄድበት መንገድ ሁሉ ብርሃን ይሁንልህ።

ከደብዳቤ ግርጌ ይህን ቃል ሳላስብ ነበር የምጽፈው፤ ዛሬ ግን እንዳትነጥቀኝ እየለመንኩህ ነው፦

እህትህ