ያልወጡት ሁለት እጆች

የካቲት 5፣ ሰኞ፣ ከቀኑ 11፡00

ሌባ ጣቴ ውሃ ቋጥሯል። ደስ ሲል! የቤዝ ጊታር ክር ወፍራም ነው፣ ሁለት ሰዓት ሙሉ ስለማመድ ነበር። የኬሚስትሪ የቤት ሥራ አልነካሁም። ይቆይ።

ደብተሬ፣ ትልቁን ወሬ ስሚ። ሙሉ አባል ሆንኩ! የሙከራ ጊዜዬ አለቀ። ከዛሬ ጀምሮ በቤ/ክ ኳየራችን ውስጥ የመምረጥ ድምፅ አለኝ። ቅዳሜ መሪ እንመርጣለን፣ ከሦስት ሳምንት በኋላ ደግሞ የወጣቶች ኮንፈረንስ ላይ እንዘምራለን። እኔ ቤዝ! መድረክ ላይ!

የሚመረጠው በእህቴ በቤዛ ቦታ ነው። ከነሐሴ ጀምሮ ባዶ ነው። የመጀመሪያ ድምፄ ለዚህ ይሆናል ብዬ አስቤ አላውቅም።

የካቲት 7፣ ረቡዕ

ዕጩዎቹ ሁለት ናቸው። ሰላም፦ ጥሩ ልጅ፣ ጸሎተኛ፣ ግን ስትዘምር ከኪ (ከቃናው) ትወጣለች። ራሷም ትስቅበታለች። አቤኔዘር፦ ሁሉም እንደሚሻል ያውቃል። እኔም አውቃለሁ። ችግሩ እኔ ነኝ።

አቤኒ ከልምምድ በኋላ ቤዛን ሁልጊዜ በአባቱ መኪና ለቡ ቤታችን ድረስ ያደርሳት ነበር። ያን ቀን ጥሏት ሄደ። ዝናብ ነበር። ባጃጅ ያዘች። ባጃጁ ተገለበጠ። በቃ፣ ከዚህ በላይ አልጽፍም።

ለሰላም እጄን ባወጣ በቀል ነው፣ ትሻላለች ብዬ አላምንማ። ለአቤኒ ባወጣ ውሸት ነው፣ ይቅር አላልኩትም።

ዛሬ በዜግነት ክ/ጊዜ መምህራችን ስለ ድምፀ ተዓቅቦ አስረዱ። አልደገፍኩም፣ አልተቃወምኩም ማለት። ለካ ስም አለው! ከወንበሬ ልዘል ምንም አልቀረኝ። ኪሩቤል (ከጎኔ የሚቀመጠው፣ የኳየሩ ድራመር) ሎተሪ ደረሰህ እንዴ አለኝ።

የካቲት 10፣ ቅዳሜ፣ 10፡15



እኛ ዘንድ ምርጫ እንዲህ ነው። የኳየሩ ኃላፊ ሽማግሌ ጋሽ ታደለ ይጸልያሉ፣ ሁላችንም አንገታችንን ደፍተን ዓይናችንን እንጨፍናለን። እሳቸው ስም ይጠራሉ፣ የመረጠ እጁን ያወጣል። የሚያዩት እሳቸው ብቻ። 24 ነን፣ ለመመረጥ 16 ድምፅ ያስፈልጋል።

ሰላም ተባለ። እጄ ጭኔ ላይ። አቤኔዘር ተባለ። እጄ ጭኔ ላይ። ልቤ ጎሮሮዬ ጋ ደርሷል። ፍርሃት መስሎኝ ነበር። አይደለም፣ ደስታ ነው! ማንም ሳያዝዘኝ፣ ማንም ሳያየኝ የወሰንኩት የመጀመሪያ ነገር።

ሰላም 7። አቤኒ 15። ጋሽ ታደለ ደግመው ቆጠሩ። ሁለት እጅ የት ገባ ብለው ጠየቁ። 

ሁለት! አንዱ የኔ ነው። ሌላውስ? እንደኔ ያለ ሌላ ሰው አለ! ማነው?

ምርጫው ለሚቀጥለው ቅዳሜ ተላለፈ። ያኔም ካልሞላ ከሌላ አጥቢያ መሪ ይመጣልናል። የራሱን መዝሙሮች ይዞ።

የካቲት 11፣ እሁድ

ኪሩቤል አወቀብኝ። ፊትህ ላይ ተጽፏል አለ። "አንድ እጅ እኮ ነው ናቲ! ክንድህ አይገነጠል!" ሳቅኩ፣ እሱ ግን የምሩን ነው።

እማዬም ከሱ ሰምታለች። ምሳ ላይ፣ ቤዛ ብትኖር አቤኒን ነበር የምትመርጠው፣ ለሷ ስትል አውጣ አለችኝ።  እሺ፣ ትመርጠው ነበር። ግን ያ የሷ ድምፅ ነው። እሷን ተክቼ አልመርጥም። ለእማዬ እንዲህ ብዬ እንዴት ልንገራት?

የካቲት 13፣ ማክሰኞ

ደብሮኛል። ሌላ መሪ ከመጣ ቤዛ የሠራችው መዝሙር ኮንፈረንሱ ላይ አይዘመርም። በኔ ምክንያት። የኔን ኅሊና ንጹሕ ለማድረግ ሃያ ሁለት ሰው ማበሳጨት ትዕቢት ይሆን? ጊታሩን አልነካሁትም።

የካቲት 15፣ ሐሙስ፣ 12፡00

ነገርኩት!! ለራሱ ለአቤኒ!

ከት/ቤት ቀጥታ ሀይሌ ጋርመንት፣ አባቱ ሱቅ። የቀለምና የቧንቧ ዕቃ ይሸጣሉ፣ እሱ ብቻውን ነበር። በአንድ ትንፋሽ አወጣሁት። "አቤኒ፣ እጄን ያላወጣሁት እኔ ነኝ። ቅዳሜም አላወጣም። ከሰው ከምትሰማ ብዬ ነው።"

የቀለም ባልዲ ላይ ቁጭ አለ።  ከዚያ፣ ሁለተኛው እኔ ነኝ አለ።

እሱ! ለራሱ አላወጣም! ደብተሬ፣ ጭንቅላቴን ይዤ ቀረሁ።

ያን ቀን በአንድ መዝሙር ተጣልተው ነበር። እሷ ቃናውን ዝቅ እናድርገው፣ እሱ አይሆንም። ተናዶ መኪናውን አስነሳ። በመኪናው መስታወት አይቷታል። ዣንጥላ አልያዘችም። አልተመለሰም። ይህን ለማንም ተናግሮ አያውቅም። አለቀሰ። እኔ አላለቀስኩም፣ ልመታው ፈልጌ ነበር። መሃል ላይ ደንበኛ ገብቶ ሁለት ሜትር ቧንቧ ጠየቀ። አቤኒ በእጅጌው ዓይኑን ጠርጎ ለክቶ ቆረጠለት። ሰውየው ጉንፋን ይዞሃል እንዴ አለው።

ልወጣ ስል፣ ቅዳሜ ለራስህ አውጣ አልኩት። ከየት እንደመጣልኝ አላውቅም። አንተ ሳትፈቅድልኝ? አለ። የኔን ፈቃድ አትጠብቅ፣ እኔ የማላወጣው አንተን ልቀጣ ሳይሆን እንዳልዋሽ ነው፣ አንተ ግን መምራት እንደምትችል ታውቃለህ አልኩት። የተቀመጠበትን ባልዲ አንስቶ ወደ ቦታው መለሰ።

እስከ ቤት በእግሬ ሄድኩ። ታክሲ ውስጥ መቀመጥ አልቻልኩም።

የካቲት 17፣ ቅዳሜ፣ ከቀኑ 7፡40

ምሳ አልበላሁም። ለእማዬ ጠዋት ነገርኳት፣ ሁሉንም ሳይሆን የኔን ምክንያት ብቻ። አልተቆጣችም። ሸሚዜን ተኮሰችልኝ።

ወስኛለሁ። ይቅር አላልኩትም፣ ስለዚህ ያልኩ አልመስልም። እሱን ለመቅጣትም ሌላ ሰው አልመርጥም። ሁለቱም ስም ሲጠራ እጄ ጭኔ ላይ ይቀመጣል። ጋሽ ታደለ ከጠየቁ ዓይኔን ገልጬ እኔ ነኝ እላለሁ። መሪው ማንም ይሁን ማን ቤዙን እመታለሁ።

15 እጅ አለው። አንድ ይቀረዋል፣ እሱም የራሱ ነው። ኪሩቤል በር ላይ እያፏጨ ነው። እኔ የማደርገውን አውቃለሁ። አቤኒ ግን እጁን ለራሱ ያወጣ ይሆን?