የሳባ ስም በባቲክ

ጥቅምት 4፣ ማክሰኞ፣ ጠዋት 3፡00

ሰባተኛው ቁራጭ ገባ። ሰማያዊ ባቲክ፣ በሰም ተነድፎ ቀለም የተነከረ ጨርቅ፣ ነጠብጣብ ያለበት። ከንድፉ ወረቀት ጀርባ አድርጌ መስመሩን ተከትዬ ሰፋሁ፣ ትርፉን ቆረጥኩ፣ ካውያ አሳረፍኩበት። ባለ ስምንት ጫፍ ኮከብ ይሆናል። ሁለት ስንዝር በሁለት ስንዝር፣ ከሳባ አልጋ በላይ የሚሰቀል።

ሳባ የትዕግሥት ልጅ ናት። ዛሬ ሃምሳ ቀኗ። ሰማንያ ሲሞላት ክርስትና ትነሳለች። ክርስትና እናቷ ማን እንደሆነች ትዕግሥት ትንፍሽ አላለችም። ሃያ ዓመት ጓደኛሞች ነን እኮ፣ ማስታወሻዬ! ይህ ጥያቄ ነው?

ግን ሊያ አለች። የትዕግሥት ጎረቤት። ሀ/ማርያም ሰፈር ከገባች ገና ስምንት ወሯ። እሷም ለልጅቷ መስፋት አማራትና ትዕግሥት አስተምሪያት አለችኝ። በዚሁ ኮከብ አስተማርኳት። ከገዛ ባቲኬም ቆርጬ ሰጠኋት። ቂል።

ጥቅምት 6፣ ሐሙስ

ከነፋስ ስልክ ክር ገዝቼ ስመለስ ትዕግሥት ቤት ጎራ አልኩ። ሊያ አልጋው ላይ ተደላድላለች፣ ሳባ ደረቷ ላይ ተኝታለች። እኔ ሳቅፋት ታለቅሳለች። ትዕግሥት አንድ ወሬ ጀመረችልኝ፣ ሊያ ጨረሰችው።

ቀናሁ። ይኸው ጻፍኩት። አርባ ዓመት ሊሞላኝ ነው፤ እንደ ተማሪ ቤት ልጅ ጓደኛዬን ቀማችኝ እላለሁ።

ጥቅምት 8፣ ቅዳሜ፣ ከሰዓት

ሊያ ወረቀቷን ይዛ መጣች። ኮከቡን ትታዋለች። የልጅቷን ስም ልትሰፋ ነው። ሳ እና ባ፣ በማስመሪያ ቀጥ ቀጥ አድርጋ ጽፋዋለች። እኔ ለምን አላሰብኩትም? ኮከብ ለማንም ይሆናል። ስም የሷ ብቻ ነው።

ከዚያ አየሁት። እንደሚነበበው አድርጋ ነው የጻፈችው። ጨርቁ ግን የሚሰፋው ከወረቀቱ ጀርባ ነው፤ ወረቀቱ ላይ ያለው ሁሉ መስታወት ውስጥ እንደሚታየው ዞሮ ይወጣል። ፊደል ከሆነ ገልብጦ መጻፍ ያስፈልጋል። ይህን አልነገርኳትም። ኮከብ ወደ ግራም ወደ ቀኝም ያው ኮከብ ነው፣ ነገሩ አልተነሳም። ሳ ሲገለበጥ ረጅም እግሩ ወደ ግራ ይሄድና ሶ ይሆናል። ባ ደግሞ ቦ። ቀዳሚውም ኋለኛ ይሆናል። ቦሶ!

«ልክ ነኝ?» አለችኝ።

ያምራል አልኳት። ውሸት አይደለም፣ ያምራል። በር ድረስ ሸኘኋት።

ጥቅምት 10፣ ሰኞ

ልደውልላት ስልኩን አነሳሁ። አስቀመጥኩት። ትልቅ ሰው ናት፣ ራሷ ታስተውል። እኔን ማን ነገረኝ?

ኮከቤ አለቀ። ወረቀቱን ከጀርባው እየቀደድኩ አወጣሁ። ስምንቱም ጫፍ ገጥሟል፣ የትም ዝንፍ አላለም። ትዕግሥት ታየዋለች። ማየት አለባት።

ጥቅምት 13፣ ሐሙስ

ሁለታችንም ሰጠን። ትዕግሥት የኔን ዳበስ ዳበስ አድርጋ እጅሽ ይባረክ አለች፣ አጠፈችው፣ ቁም ሳጥን ላይ አኖረችው። ሊያ የሷን እየሳቀች ዘረጋች። ስህተቱን ያየችው ወረቀቱን ቀድዳ ስትጨርስ ነው፤ ልትጥለው ነበር። የትዕግሥት እናት እትዬ ዘነበች መነጽራቸውን አድርገው ፊደል በፊደል አነበቡ።

«ቦ... ሶ? ምነው፣ ልጄን በሶ አላችኋት?»

ትዕግሥት እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች። ከወለደች ወዲህ እንዲህ ስትስቅ አላየሁም። ሊያ ደጋግማ «ጥፋቱ የኔ ነው፤ እሷ በደንብ አስተምራኛለች፣ እኔ ነኝ ችኩል» አለች። እኔ ሻዬን አማስላለሁ። ስኳሩ ከሟሟ ቆይቷል።

ተሰቀለ። ከአልጋው በላይ። የኔ ኮከብ ቁም ሳጥን ላይ ነው።

ጥቅምት 15፣ ቅዳሜ

ቦሶ እያሏት ነው። ቦሶዬ ጠባች፣ ቦሶዬ አስነጠሳት። የቤት ስም ወጣላት፣ ያወጣችላትም ሊያ! ያን ቀን አንድ ቃል ብናገር ሳባ ተብሎ በደንብ ተሰፍቶ፣ ተሰቅሎ፣ ተረስቶ ነበር። አፌን ዘጋሁና ልጅቷን አስረከብኳት። ክርስትናውም የሊያ ነው። አለቀ። ከእንግዲህ እዚያ ቤት ምን አለኝ?

ጥቅምት 18፣ ማክሰኞ፣ ጠዋት 4፡00

ትዕግሥት ደወለች። ክርስትና እናቷ እኔ ነኝ! ከመጀመሪያውም እኔው ነበርኩ። የዘገየችው ባሏ እኔ ልሁን ያለችውን እህቱን እስኪያሳምን ነው። መቀመጥ አቃተኝ፣ ክፍሉን ሁለት ጊዜ ዞርኩት። ሊያ ስትሰማ ፊቷ ምን እንደሚመስል አሰብኩ። ደስ አለኝ፣ በጣም።

ከዚያ ምክንያቱን ነገረችኝ። ሰው ሁሉ ደስ እንዲለኝ ያወራኛል፣ አንቺ ግን ስሳሳት ፊት ለፊት ትነግሪኛለሽ፤ ለልጄም እንደዚያ ያለ ሰው ነው የምፈልገው አለች።

ተቀመጥኩ። ምነው ደስ አላለሽም? አለች። መልሼ እደውላለሁ ብዬ ዘጋሁት።

4፡30

መጀመሪያ ሊያ ጋ ነው የምሄደው። ያን ቅዳሜ ወረቀትሽን ይዘሽ መጥተሽ ስሸኝሽ አውቅ ነበር እላታለሁ። ቀንቼ ነው እላታለሁ፣ እሱንም። ከዚያ ለትዕግሥት። ሰምታ ሌላ ሰው ከፈለገች ትፈልግ። ነጠላዬን ለብሻለሁ፣ ቁልፉን ይዣለሁ፣ እዚህ ቁጭ ብዬ በጻፍኩ ቁጥር አለመሄጃ ሰበብ እየመጣልኝ ነው፣ ስለዚህ