የእማዬ ወገብ

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 4
እማዬን ወገቧን ወደምትታሽበት ክሊኒክ አደረስኩ። እንደ ሁልጊዜው በሩ ድረስ ብቻ። "አትውረጂ፣ መኪና ማቆሚያ የለም።" እሺ። ጣቷ ላይ አዲስ ጭረት አየሁ... ድመቷ ናት አለች። ይቺን ድመት ለሰው መስጠት ሳይሻል አይቀርም።

ወንድሜ ደወለ። ሚስቱ ልትወልድ ነው፣ ለእማዬ ክፍል አዘጋጅቷል። ቤቷን አከራይተን እሱ ጋ ትገባለች፣ ሕፃኑን ትይዛለች። "ለአያት ከዚህ በላይ ምን ደስታ አለ?" ልክ ነው አልኩ። እሁድ እንነግራታለን።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 6
ዛሬ ያየሁትን ልጻፈው።

መነጽሯን መኪና ውስጥ ረስታ ወረደች። ይዤላት ገባሁ። እንግዳ ተቀባይዋ ስሟን ፈለገች፣ ፈለገች... "እንዲህ የምትባል ታካሚ የለችንም።" ታዲያ የት ነው የማደርሳት? ያላሰብኩት ክፉ ነገር የለም። ዘበኛው ሰምቶ፣ "እትዬን ነው? ከጀርባ፣ ሶፋ ማደሻው ጋ ናቸው" አለኝ።

እማዬ። በወንድ ቱታ። ተንበርክካ፣ አፏ ሙሉ ምስማር፣ የሰው ሶፋ ገልብጣ ትቀጠቅጣለች። ቤት ውስጥ ጎንበስ ብላ ጫማዋን አታነሳም እኮ... ዓይኔን ማመን አቃተኝ። አየችኝ። ምስማሮቹን አንድ በአንድ መዳፏ ላይ ተፋች።

"መነጽሬን አመጣሽልኝ?"

ያለችው ይኸው ነው። የሶፋ ቤቱ ባለቤት እጇን ሲያደንቅልኝ መነጽሯን ሰጥቻት ወጣሁ።

አርብ፣ ጥቅምት 7
ወገቧን አሟት አያውቅም። የድመቷ ስም በከንቱ ጠፋ።

እሁድ፣ ጥቅምት 9
ወንድሜ ስላዘጋጀላት ክፍል ነገራት፤ የሶፋውን ነገር ሲሰማ ግን ቱግ አለ። "በዚህ ዕድሜሽ? ሰው ምን ይላል? ልጆቿ ጥለዋት ቀን ሥራ ወጣች ነው የሚሉት።"

"ይበላ። ሰው መቼ ሳይል ቀርቶ ያውቃል።"

"ታዲያ ለምን አመመኝ አልሽን?" አልኳት።

"ሲያመኝ ታደርሱኛላችሁ። ደህና ነኝ ስል ሥራ ታመጡልኛላችሁ።"

ወንድሜ ብድግ አለ። እሷ ቀጠለች... "እናንተን አሳደግኩ፣ አባታችሁን አስታመምኩ። ወድጄ ነው። ይሄ ግን የራሴ ነው። የተጣለ ሶፋ ነፍስ ሲዘራ ደስ ይለኛል። የልጅ ልጄን እወደዋለሁ፣ ሲወለድ እሁድ እሁድ አምጡልኝ። ቤቴን ግን አልለቅም።"

ወንድሜ በሩን ወርውሮ ወጣ።

ምን ደስ እንደሚላት አንድ ቀን ጠይቄያት አውቃለሁ? አላውቅም። ከምስማሩ ይልቅ ይሄ አስደነገጠኝ።

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 11
ዛሬ ክሊኒኩን አልፌ ሶፋ ማደሻው በር ላይ አቆምኩ። ቀና ብላ አየችኝ። ቦርሳዋን ይዛ ወረደች።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 6
የሳሎኔ ሶፋ መሃሉ ከረገበ ቆይቷል። ጭኜ እማዬ ቤት ወሰድኩት። አሁን ቤቷም ትሠራለች፤ ሳሎኗ ሳሎን አይደለም... ስፖንጅ፣ ሞላ፣ የጨርቅ ቁራጭ። የምን እንግዳ መቀበያ። ድመቷ ስፖንጁ ላይ ተኝታለች።

በሩ አጠገብ የማውቀው ወንበር። የወንድሜ። አራሷ ሚስቱ ሕፃኑን የምታጠባበት። መቼ አመጣው? ምንም አልነገረኝም፣ ጉደኛ።

"እማዬ፣ የኔን ለነገ ታደርሺልኛለሽ?"

ምስማሯን ከአፏ ሳታወጣ በጣቷ የተደረደሩትን አሳየችኝ። ከኔ በፊት አራት አሉ።

"ልጅሽ ነኝ እኮ።"

ምስማሮቹን ተፋች። "አውቃለሁ። ተራሽን ጠብቂ።"

ተራሽን ጠብቂ... ዕድሜ ልኬን እንዲህ ብላኝ አታውቅም። ደንግጬ ሳቅሁ።

ይኸው ሳሎኔ ውስጥ ምንጣፍ ላይ ተቀምጬ እጽፋለሁ።