የባልና የሚስት አፍ ሆኜ የከረምኩበት ቤት

ለውድ እታለሜ፣

ለጤናሽ እንደምን ሰንብተሻል? ወገብሽን የሚቆርጥሽ ነገር ተሻለሽ ወይስ አሁንም ጎንበስ ባልሽ ቁጥር ግድግዳ ይዘሽ ነው የምትነሺው? እማዬስ እንዴት ናት? ሳሏ ቀለል አላት? ልጆቹስ ክረምቱን ጭቃ ሲያቦኩ ከረሙ ወይስ አንዳንዴ ደብተር ይገልጣሉ? እኔ በአካል ደህና ነኝ። እበላለሁ፣ እተኛለሁ፣ ጫማዬም አልተቀደደም። ከዚያ ወዲያ ያለውን ግን ደህና ነው ብዬ ብጽፍልሽ፣ እጄን ታውቂዋለሽና ፊደሌ ራሱ ያሳብቅብኛል።

ለቋንቋ መምህራን በተዘጋጀው የሁለት ወር ሥልጠና እያንዳንዳችንን የምንማረውን ቋንቋ ከሚናገር አንድ ቤተሰብ ጋር እንዳስቀመጡን ነግሬሽ ነበር። እኔ የደረሰኝ ቤት ውስጥ ሦስት ሰዎች አሉ፤ ሊፍት የሚጠግነው ባል፣ መድኃኒት ቤት የምትሠራው ሚስት፣ የባልየውም እናት። አሮጊቷ ዕድሜያቸውን ሙሉ ልብስ ሲሰፉ ኖረው፣ አሁን እግራቸው እምቢ ስላላቸው ከወጥ ቤቱ ጎን ባለችው ክፍል ይውላሉ። የእኔ ክፍል ከደረጃው አናት ላይ ናት። ልብስ መተኮሻ ስለነበረች አልጋዬና የካውያው ጠረጴዛ ትከሻ ለትከሻ ናቸው።

በመጀመሪያው ሳምንት እራት ላይ ባልየው ወደ እኔ ዞሮ «ጨው ታቀብለኝ እንደሆነ ጠይቃት» አለኝ። የጨው ዕቃው ያለው ከሚስትየው ክንድ ሥር ነው። ቋንቋቸውን ሊያለማምዱኝ ነው ብዬ ደስ ብሎኝ፣ ግሱን አስተካክዬ ጠየቅኋት። እሷም «እጅ የለውም ወይ በለው» አለችኝ። ይህንንም እንደ ጎበዝ ተማሪ ፈገግ እያልኩ አደረስኩ! ሳምንት ሳይሞላ ግን ነገሩ ገባኝ። ከተኳረፉ ዓመት አልፏቸዋል። ከእኔ በፊት የሚነጋገሩት በአሮጊቷ በኩል ነበር፤ እሳቸው ሲሰለቻቸው ጆሮዬ አይሰማም ማለት ጀመሩ። ጆሯቸው ግን የመርፌ መውደቅ ይሰማል። እንግዲህ ቧንቧው ያፈሳል በላት፣ ሸሚዙን ያንሳ በለው ስባል ከረምኩ። ከመጽሐፍ የማይገኘውን ቃል ሁሉ ለቀምኩ። አንድ ቀን ክፍል ውስጥ አንዱ ቢያመልጠኝ አሠልጣኛችን ክው ብላ ቀረች።

እውነተኛዋ አስተማሪዬ አሮጊቷ ነበሩ። ከሰዓት ስመለስ ከመስኮቱ ሥር ካለው የስፌት መኪናቸው አጠገብ እቀመጣለሁ። እኔ አወራለሁ፣ እሳቸው አሮጌ ልብስ እየተረተሩ ይሰሙኛል። ስሳሳት ጣታቸው ብድግ ይላል፤ ዐረፍተ ነገሬ እስኪቃና አይወርድም። የሱሪዬን ወገብ ሁለት ጊዜ አጠበቡልኝ። «ይህ ቤት ሰው አያወፍርም፣ ልጄ» አሉኝ።

የዛሬ አሥራ አምስት ቀን ባልና ሚስቱ አንድ ላይ በሬን አንኳኩ። ጎን ለጎን ቆመው ያየኋቸው ያን ቀን ብቻ ነው። ሊፋቱ ነው፤ ቤቱም ተሸጧል። እሱ ደረጃዋ ጠመዝማዛ የሆነ አንዲት ክፍል ተከራይቷል፤ እሷ እህቷ ዘንድ ትገባለች። አሮጊቷን የአረጋውያን ማቆያ ሊያስገቧቸው ተስማምተዋል። በዓመት ውስጥ የተስማሙት በዚህ ብቻ ነው። «አንተ ንገራቸው። ይወዱሃል፤ ካንተ ሲሰሙት አይከፋቸውም» አለችኝ ሚስትየው። ይህ የእኔ አፍ ሥራ አይደለም አልኩ። ባልየው ፊቱን ወደ ካውያው አዙሮ «እናቴ ናት፤ ዐይኗን እያየሁ አልችልም» አለ። የካውያውን ገመድ ይጠቀልላል፣ መልሶ ይፈታል፤ አንጀቴ ራራ። ያን ጊዜ ነው የተረታሁት።

በማግስቱ ከሰዓት ገባሁ። ዐረፍተ ነገሩን ወረቀት ላይ ጽፌ በቃሌ አጥንቼው ነበር። «በሚቀጥለው ሳምንት፣ ጥሩ አልጋና ሐኪም ወዳለበት ቤት ይሄዳሉ» አልኳቸው። መቀሳቸውን አስቀመጡ። ጣታቸው ብድግ አለ።

«ይሄዳሉ አይባልም» አሉኝ ቀስ ብለው። «የሚሄድ ሰው ወዶ ነው። ይወስዱዎታል ነው የሚባለው። እስቲ ድገመው።»

ደገምኩት። «ጮክ በል» አሉኝ። ጮክ ብዬ ደገምኩት። ጣታቸው ወረደ። «አሁን ልክ ነው» ብለው መተርተራቸውን ቀጠሉ። እኔ ወጥቼ ደረጃው ላይ ቁጭ አልኩና እንደ ሕፃን አለቀስኩ።

ሐሙስ ወሰዷቸው። የስፌት መኪናውን ማቆያው አይቀበልም ተብሎ በሩ ጋ ቀረ፤ ቅዳሜ የማላውቀው ሰው ጭኖት ሄደ። እሑድ ልጠይቃቸው ብሄድ ዘመድ ያልሆነ አይገባም ብላ በረኛዋ መለሰችኝ። ምናቸው ነኝ ልበላት? ቤቱ ውስጥ አሁን ማንም በእኔ በኩል የሚያስተላልፈው ነገር የለም። እቃ በካርቶን ያሽጋሉ፣ እኔ በመካከላቸው አልፋለሁ።

እታለም፣ አሁን ወደ አንቺ ጉዳይ ልምጣ። ባልሽ ሥራው ወደ ሩቅ ስለተዛወረ መስከረም ሳይጠባ እንደምትሄዱ፣ እማዬንም የአክስታችን ልጅ ቤት እንደምታስቀምጫት ጽፈሽልኛል። ይህን እኔ በደብዳቤ እንድነግራት፣ አንቺም እንድታነቢላት፣ «ከእሱ ሲመጣ ትቀበለዋለች» ብለሻል። አሥር ጊዜ አነበብኩት። አልፈርድብሽም። ስምንት ዓመት ያነሳሻት ያስቀመጥሻት አንቺ ነሽ፤ እኔ በዓመት አንዴ ብቅ ብዬ አስቄያት የምሄድ ነኝ። ወደ እኔ ትምጣ እንዳልል የምኖረው የመምህራን ቤት ውስጥ ከሌላ ሰው ጋር ተዳብዬ ነው። ባወጣው ባወርደው መላ አላገኘሁለትም። ሁላችንም ምክንያት አለን፤ የምትወሰደው ግን እሷ ናት። እኔ አልነግራትም። መነገሩ ካልቀረ አጠገቧ ቁጭ ብለሽ፣ እጇን ይዘሽ አንቺ ንገሪያት። ብትቆጪኝም ቻልኩት።

ለባልሽ ከልብ የሆነ ሰላምታዬ ይድረሰው፤ መንገዱን ያቅናለት። ወሬኛዋን ልጅሽን ጉንጯን ቆንጥጠሽ ሳሚልኝ። ትንሹ ጥርሱ በቅሎ እንደሆነ ጻፊልኝ። ይህን ደብዳቤ ለእማዬ አታንብቢላት። ምን ይላል ብላ ከጠየቀችሽ፣ ደህና ነኝ ይላል በያት፤ ግንባሯንም ሳሚልኝ።

ወንድምሽ

ከደረጃው አናት ካለችው ክፍል
ነሐሴ ፲፱ ቀን