የምንጩ ዳር ችግኞች

ይድረስ ለምወድህና ለምሳሳልህ ወንድሜ ለገብረኪዳን፤ አሰብ።

ወንድም ጋሼ፣ እንደምን ሰንብተሃል? ጤናህ እንዴት ነው? እግርህን ያምህ የነበረውስ ተሻለህ ወይ? ሙቀቱ ስላስቸገረን የምናድረው ጣራ ላይ ነው ብለህ ከጻፍክልኝ ወዲህ እኔም እንቅልፍ የለኝም፤ ነፋስ መታው ይሆን፣ ተንከባሎ ወደቀ ይሆን እያልኩ ነው የማድረው። ባለቤትህ እናትነሽ እንደምን አለችልኝ? ሕፃኑስ ዳዴ አለ? የእኛን የጠየቅህ እንደሆነ፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ከናፍቆትህ በስተቀር ሁላችንም ደኅና ነን። እዚህ ደብረ ብርሃን ውርጩ ገብቷል፤ ጠዋት ጠዋት ውሃ የምንቀዳው በርሜሉ ላይ የረጋውን በረዶ ሰብረን ነው። አንተ ከዚያ ሙቀት ትንሽ ብትልክልን እኛም ከዚህ ብርድ እንልክልህ ነበር።

በሐምሌ በላክኸው ደብዳቤ፣ እማዬ ቤትሽ እህል አልቀምስም ብላ ወጣች የሚባለው እውነት ነው ወይ ብለህ ጠይቀኸኝ ነበር። ወሬ እንዴት ብሎ አሰብ ድረስ እንደሚሮጥ እንጃ፤ መኪና እንኳ ስንት ቦታ አድሮ ነው የሚደርሰው። መልስ ሳልሰጥህ የቆየሁት ንቄህ አይደለም፣ አፍሬ ነው። እናቷ የማትበላላት ባለምግብ ቤት ሆኜ ምን ብዬ ልጻፍልህ? አሁን ግን የሆነውን ሁሉ እነግርሃለሁ፤ ረጋ ብለህ አንብበው።

ነገሩ የሆነው በፋሲካ ሰሞን ነው። እማዬ ከአንኮበር በሚመጣ የጭነት መኪና ተሳፍራ፣ ሳትልክብን ድንገት ከች አለች። ቤቱ በሾፌር ሞልቶ ነበር። የእኛን ቤት ታውቀዋለህ፤ ሆቴል ይባል እንጂ መኝታ የለው፣ ሰው የሚመጣው ለቅቅሉ ነው። ቅቅል ደግሞ የሚጥመው ከንጋት ጀምሮ በወይራ እሳት ቀስ ብሎ ሲንተከተክ ነው፤ እኔ የማምነው እንዲያ ነበር። እጇን አስታጥቤ አጥንት የበዛበትን መርጬ አቀረብኩላት። እሷ መቼ ቁጭ ብላ ትበላና፤ ወጥ ቤትሽን ሳላይ ብላ በጓሮ በኩል ዞረች።

ጓሮ ወልደተንሣኤ የሚባለው ባለአህያ በዋዜማው ያራገፈው እንጨት ተከምሯል። ብትቆይብኝ ተከተልኋት። ብወጣ ተንበርክካ አንዱን ጉማጅ ስትዳስስ አገኘኋት። ጉማጁን ዙሪያውን ገመድ በልቶት እንደ ቀለበት ሰርጉዷል። አባባ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ አገር ቤት ከምንጩ በላይ ከነበረው ትልቅ ወይራ ላይ ቀፎ ይሰቅልበት የነበረው ገመድ የበላው ነው፤ አንተ ልጅ ሆነህ ንብ ነድፋህ እየጮህክ የወረድክበት ዛፍ። እንጨት ከእንጨት በምን ይለያል ብዬ ልከራከራት አፌን ከፈትኩ፤ ያንን የገመድ ምልክት ሳየው ግን ዛፉን እኔም አወቅሁት።

"በዚህ እንጨት የበሰለ አልበላም" አለችኝ። "እንዲህ ያለ እንጨት እዚህ ቤት እስከገባ ድረስ እህልሽን አልቀምስም።"

ጮኻ ብትናገር ይሻለኝ ነበር። እሷ ግን ቀስ ብላ ተናግራ፣ ውሃ እንኳ ሳትጠጣ ነጠላዋን አጣፍታ ወጣች። ዘመድ ቤት አድራ በማግስቱ ወደ አገሯ ተመለሰች። እኔ ያ ሁሉ ሾፌር እያየኝ ቆሜ አለቀስኩ፤ ቅቅሏም ጠረጴዛው ላይ እንደተቀመጠ ቀዘቀዘ።

እውነቱን ልንገርህ፣ መጀመሪያ ተናድጄ ነበር። አገር ሙሉ እንጨት ያነዳል፤ የእኔው ምን ተለየና ነው? ለወልደአረጋይ አማርሬ ብነግረው፣ እናትሽ እውነቷን ነው አለና መጋዙን ቀጠለ። ባል ማለት እንዲህ ሲሆን እንዴት ያናድዳል መሰለህ። ነገሩ ግን ከሆዴ አልወጣም። ከምንጩ በላይ ያለውን ጋራ ታስታውሰዋለህ፤ እኛ ልጆች ሆነን ከሥሩ ፀሐይ አይገባም ነበር። አሁን ከላይ እስከ ታች መላጣ ሆኗል። በሰባ ሰባቱ ድርቅ እንኳ ያልነጠፈው ምንጭ ቀጥኖ፣ በበጋ አንድ እንስራ ለመሙላት ሴቱ ተሰልፎ ይውላል። ዛፉን የቆረጠው አንድ ሰው አይደለም፤ ያነደድነው ግን በየመንገዱ ዳር ድስት የጣድነው እኛ ነን።

በግንቦት ደግሞ ቀበሌው የከተማውን ባለሆቴልና ባለምግብ ቤት ሁሉ ለስብሰባ ጠራን። አንድ ጓድ ከጠዋት ጀምሮ ስለ ደን፣ ስለ ድርቅና ስለ ዝናብ ሲያስረዳን የምሳ ሰዓት አለፈ። ከእንግዲህ የደን እንጨት ገዝቶ ያነደደ ምግብ ቤት እንደሚቀጣ፣ በክረምቱም እያንዳንዱ ቤት ችግኝ እንደሚተክል፣ እጣቢም መንገድ ላይ እንደማይደፋ ተነገረን። አጠገቤ የተቀመጠችው ጠጅ ነጋዴ፣ ወጡን በስብሰባ ልናበስለው ነው ወይ ብላ በጆሮዬ ስትለኝ ሳቄ አመለጠኝና ጓዱ ገላመጠኝ። የሚናገረው የእማዬን ነገር ስለነበር ግን አልተቀየምኩትም።

ወልደአረጋይ የሰጋቱራ ምድጃ ልሥራልሽ ያለኝ ከዚያ ወዲያ ነው። ከአናጢነቱ የሚወጣውን ሰጋቱራ እስከዚያ ድረስ ወንዝ ዳር ነበር የሚደፋው። ባዶ የዘይት ቆርቆሮ አምጥቶ መሐሉ ላይ ዱላ አቆመና ሰጋቱራውን ዙሪያውን ጠቀጠቀው፤ ዱላውን ሲነቅለው መሐሉ ቀዳዳ ሆነ፤ ከሥር በጭራሮ ለኮሰው። የመጀመሪያው ቀን ጭሱ ሾፌሮቹን እያስለቀሰ ከቤት አስወጣቸው። ወልደአረጋይም ሁሉን ትቶ ሸሸ፣ እኔ ነኝ ድስቱን ያወረድኩት። በኋላ ግን እርጥቡን ከደረቁ እየለየ፣ ጭስ መውጫም በቆርቆሮ ሠርቶለት፣ ይኸው አሁን አንዴ ከተለኮሰ ግማሽ ቀን ቀስ እያለ ይነዳል። ለእንጀራው ኩበትና የባሕር ዛፍ ቅጠል አለን።

ሾፌሮቹ ታዲያ ቅቅሉ የወይራ ሽታ የለውም ብለው አጉረመረሙ። ከነጭራሹም ጫጫ ደርሰን እንበላለን እያሉ የቀሩብኝ አሉ። ያን ሰሞን የተረፈኝን ቅቅል ለጎረቤት ሳድል፣ ቤቱ መዘጋቱ ነው ብዬ ስንት ጊዜ ተጨንቄያለሁ። ይህን ደብዳቤ የሚያደርስልህ ሾፌሩ ገብረአብ ነው ያዳነኝ። እኔ የምበላው ሥጋውን እንጂ ጭሱን አይደለም ብሎ ጓደኞቹን እየጎተተ መለሰልኝ። ውለታው አለብኝና አሰብ ሲደርስ ቀዝቃዛ ነገር ሳታጠጣው እንዳትለቀው።

በሐምሌ የድርሻሽ ነው ተብሎ የባሕር ዛፍ ችግኝ ታደለኝ። የእኔ ጓሮ በእጣቢ ለማበቅላት ጎመን እንኳ አይበቃም። ስለዚህ በወልደተንሣኤ አህዮች አስጭኜ ለእማዬ ላክሁላት፤ እሱም የእሷን ነገር ከሰማ ወዲህ እንጨቱን ትቶ ድንች ነው የሚያመላልሰው። ያንን የተራቆተ ቁልቁለት አልብሺበት፣ ምድጃችንንም ለውጠናል፣ ነይና እዪው ብዬ ቃል ላክሁባት። ትመጣለች ብዬ በር በሩን አየሁ። አልመጣችም። ችግኙን ግን በገዛ እጇ ተክላዋለች የሚል ወሬ ደረሰኝ። የገበሬ ማኅበሩ ሊቀመንበር ገብረጻድቅም በስብሰባ መሐል አስነሥቶ፣ እንደ እሷ ሁኑ ብሎ አስጨበጨበላት አሉ። ኮራሁባት፤ እርቁም የቀረበ መሰለኝ።

ለፍልሰታ ልጄን ስንዱን ይዤ አገር ቤት ሄድኩ። ወደ ምንጩ ስንጠጋ ውሃ የሚቀዱት ሴቶች ሰላምታቸው ቀዘቀዘብኝ። ቀና ብዬ ሳይ ገባኝ። ችግኞቹ ያሉት ቁልቁለቱ ላይ አይደለም፤ ምንጩን ዙሪያውን ከበውት ቆመዋል። በእሾህ ታጥረዋል፣ ሥራቸው ፍግ ተደርጎላቸዋል፣ ቁመታቸው ከስንዱ ጉልበት ሊደርስ ምንም አልቀረው። ባሕር ዛፍ ምንጭ ዳር! ያንን የቀጠነ ውሃ በጥቂት ዓመት ውስጥ መጥጦ እንደሚጨርሰው አንተም እኔም እናውቃለን። ሴቶቹም ያውቃሉ፤ ግን እማዬን ማን ደፍሮ ይናገራታል፣ በዚያ ላይ ሊቀመንበሩ ያመሰገናት ሴት።

እማዬ ድምፃችንን ሰምታ ወጣች። ስንዱን አገላብጣ ሳመቻት፣ እኔንም ሳመችኝ። ከዚያ ችግኞቹን አንድ በአንድ እየዳሰሰች፣ ይሄኛው አሞት ነበር፣ ያኛው አሁን በረታ እያለች ታሳየኝ ጀመር። አላስቻለኝም።

"እማዬ፣ ባሕር ዛፍ ውሃ እንደሚጨርስ ሳታውቂ ቀርተሽ ነው?"

"አውቃለሁ" አለችኝ። "እዚህ ካልሆነ ግን ቶሎ አያድግልሽም፤ ያ ቁልቁለት ድንጋይ ነው። እኔን እስክሞት ድረስ ውሃው ይበቃኛል። አንቺ ግን ነገ ምን ታነጃለሽ? ማገዶሽን ከልክዬሽ እንዲሁ ልተውሽ?"

ወንድም ጋሼ፣ ያን ሁሉ ጊዜ ጨከነችብኝ እያልኩ ስከፋባት፣ እሷ ለካ የእኔን ማገዶ እያሳደገች ኖሯል። እናቴን እንደዚያን ቀን ወድጃት አላውቅም። እንደዚያን ቀን የከበደኝ ነገርም የለም፤ የሰጠችኝን ዓይኗ እያየ መንቀል ነበረብኝ። ተንበርክኬ የመጀመሪያውን ችግኝ ከነአፈሩ ማውጣት ስጀምር እጄን ያዘችኝ።

"ለእኔ ብለሽ ከሆነ ውሃውን ተዪልኝ" አልኳት። "ስንዱም ትጠጣዋለች።"

እጄን ለቀቀችኝ። ጀርባዋን ሰጥታን ድንጋይ ላይ ተቀመጠች። ስንዱ ችግኞቹን በቅርጫት እያመላለሰች፣ ሴቶቹም ሳንጠራቸው እንስራቸውን አስቀምጠው ዶማ እያመጡ፣ ያንን ቁልቁለት እየቆፈርን ስንተክል ዋልን። ክረምቱ ስላልወጣ ብዙዎቹ ይዘዋል፣ የደረቁም አሉ። ገብረጻድቅ መጥቶ፣ የተመሰገነ ሥራ በማን ፈቃድ ነው የፈረሰው ብሎ ሊቆጣ ሲል፣ ሴቶቹ ተባብረው ዶማ አስያዙት። እማዬ ግን እስክሄድ ድረስ አንዲት ቃል አልተናገረችኝም። መንገዱን ሙሉ እያለቀስኩ መጣሁ። በፋሲካ እሷ እህሌን እምቢ አለች፣ በፍልሰታ እኔ ስጦታዋን ነቀልኩባት፤ ከእንግዲህ ቤቴን አትረግጥም ብዬ ተስፋ ቆረጥኩ። እንቁጣጣሽም መጣ፣ መስቀልም አለፈ፣ ድምጿ የለም።

ባለፈው እሑድ፣ ምሳ ሰዓት ላይ፣ ጭልፋ ይዤ ጎንበስ እንዳልኩ ከኋላዬ ድምጿን ሰማሁ። እንደምን ዋላችሁም ሳትል በቀጥታ ጓሮ ገብታ ጥግ ጥጉን አየች። እንጨት የለም። ከዚያ ምድጃው አጠገብ ቁጢጥ ብላ ወልደአረጋይን ታፋጥጠው ጀመር። ይሄ ሰጋቱራ የምን ዛፍ ነው፣ ከየት የመጣ ነው፣ ጽድ አልገባበትም ወይ ትለዋለች። እሱም እንደ ተከሳሽ ቆሞ፣ እማማ፣ ባሕር ዛፍ ብቻ ነው፣ እሱም ከቀበሌው ተከላ በፈቃድ የተቆረጠ ነው እያለ ይመልሳል። ሾፌሮቹ መብላታቸውን ትተው ያዳምጣሉ። እሷ ግን ተነሥታ፣ ነጠላዋን አውርዳ፣ ከሾፌሮቹ አጠገብ ሄዳ ተቀመጠችና የእጅ ውሃ የለም እንዴ አለች።

አስታጠብኳት፤ ቅቅሉን አቀረብኩላት። በላች። ጨምሪልኝ አለች፣ ጨመርኩላት። መጨረሻው ላይ ጠቅልላ አጎረሰችኝ፤ እንባዬ ቀድሞኝ ማላመጥ ሲያቅተኝ፣ ዋጪው እንጂ ምን ሆንሽ ብላ ተቆጣችኝ። ስለ ችግኞቹ አላነሳችም፣ እኔም አላነሳሁም። ምንጩ ሞላ ብዬ አልዋሽህም፤ አሁን ያለው የክረምቱ ውሃ ነው፣ ነገሩ የሚለየው በበጋ ነው። ባሕር ዛፉ በተነቀለበት ግን ከቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ያመጣችውን የወይራ ችግኝ እንደተከለች ወልደተንሣኤ አውርቶልኛል። ለእኔ አልነገረችኝም፤ አንተም የሰማህ እንዳትመስል።

እንግዲህ ሰላምታ ላድርስ። ወልደአረጋይ በጣም ናፍቀኸኛል ብሎሃል፤ ለሕፃኑ ከእንጨት ፈረስ እየጠረበለት ነው፣ ጅራቱ አልሆንለት ብሎ እየተጨቃጨቀ። ስንዱ ጉንጭህን ትስምሃለች፤ የባሕሩ ውሃ እውነት ጨው ነው ወይ ብለሽ ጠይቂልኝ ብላለች። ወልደተንሣኤና ጎረቤቶቻችን ሁሉ ሰላም ብለውሃል። እናትነሽን በእኔ ስም አገላብጠህ ሳምልኝ፤ ሕፃኑንም ግንባሩን። ስለ እግርህ ደግሞ እውነቱን ጻፍልኝ፣ ደኅና ነኝ ብቻ ብለህ እንዳታልፈው።

እማዬ ከእሑድ ጀምሮ እኛው ዘንድ ናት። ይህን ስጽፍ አጠገቤ ተቀምጣ እጄን ታያለች። ለገብረኪዳን ምን ልበልልሽ ብዬ ጠየቅኋት። "እህትህ ቤት በላሁ በዪልኝ" አለችኝ።

እህትህ እናናየሁ
ደብረ ብርሃን፣ ጥቅምት 11 ቀን 1979 ዓ.ም.