አውራ ጣትዎን ማን አተመው?

«ለልጅ ልጄ። በመንግሥት ላይ ከተነሱት ጋር መቆምህን ሰምቻለሁ። ከዛሬ ጀምሮ ልጄ አይደለህም። መጻሕፍቴን ለሌላ ሰው ሰጥቻለሁ። ብሞትም ለቅሶዬ ላይ እንዳትቆም።»

አባባ፣

ይህ በስምዎ የደረሰኝ ደብዳቤ ነው። አንዲት ቃል አልጨመርኩም፣ አላጎደልኩም። በታይፕ የተመታ ነው፤ ከግርጌው ሐምራዊ የአውራ ጣት አሻራ አለበት። ያኔ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነበርኩ፤ በተማሪዎች ሰልፍ ምክንያት ለአንድ ዓመት ታግጄ አዲስ አበባ ሰው ቤት ተጠግቼ ነበር። እርስዎ በዚያው ዓመት ክረምት አረፉ። ከዚያ ወዲህ ንጉሡም ወረዱ፣ ከእሳቸው በኋላ የመጡትም ሄዱ፣ እኔም ሃምሳውን ተሻገርኩ። ይህን ሁሉ ጊዜ አንዲት መስመር ሳልጽፍልዎ የኖርኩት ተቀይሜዎት ነው።

እርስዎ በስተርጅናዎ ከዲማ መጥተው የተቀመጡበት የደብረ ማርቆሱ የልጅዎ የአጎቴ የጋሼ ዓለሙ ቤት ግማሹ ሱቅ ሆኗል። ጓሮ የነበረው ዋንዛ ተቆርጦ በቦታው የውሃ ታንከር ቆሟል። ዓለሙ ጡረታ ወጥቶ እዚያው አለ፤ ጆሮው ከመክበዱ በቀር ደህና ነው። ልጅዎ ጥሩወርቅ ግን ዘንድሮ አምበር ላይ አረፈች። ይህን ደብዳቤ የምጽፈው በእሷ ሞት ምክንያት ነው፤ እደርስበታለሁ።

ዋንዛው ሥር ምን እናደርግ እንደነበር ከሁለታችን በቀር የሚያውቅ አልነበረም። ቄሶች አንድ ንባብ ሲከብዳቸው ትርጓሜውን ሊጠይቁ እርስዎ ዘንድ ይመጡ ነበር። የእኔን የጂኦግራፊ መጽሐፍ ከዳር እስከ ዳር አንብበው የዓለምን ወንዞች በቃልዎ ያወርዱልኝ ነበር፤ ስሳሳትም ያርሙኝ ነበር። ስምዎን መጻፍ ግን አይችሉም ነበር። በእርስዎ የተማሪነት ዘመን ንባብና ትርጓሜ የሚማር ሰው ብዕር አያነሣም፤ መጻፍ የሌሎች ሙያ ነው፤ የሚጽፍ ሰው ከታየም ጎረቤት ክታብ ይጽፋል ብሎ ያማዋል። ስለዚህ ለዳኛ ሲያመለክቱም ሆነ በውል ላይ ምስክር ሲሆኑ፣ ማንበብ ከማይችለው ሰው እኩል አውራ ጣትዎን ቀለም ነክረው ያትሙ ነበር። ይህ ምን ያህል እንደሚያንገበግብዎ የነገሩት ለእኔ ብቻ ነው።

እሑድ ከሰዓት በኋላ፣ ዓለሙ ማኅበር ሲሄድ፣ ደብተርና እስክሪብቶ ይዘን ዋንዛው ሥር እንቀመጣለን። እስክሪብቶውን እንደ ማረሻ እርፍ ጨብጠው፣ ወረቀቱን እስኪበሱት ይጫኑት ነበር። እኔም ምሕረት አላውቅም። አንድ ፊደል መስመር ከሳተ ገጹን በሙሉ አስደግምዎታለሁ። «የኔታ፣ ዛሬ አለንጋህን ረስተህ ነው የመጣኸው?» ይሉኝና ይስቁብኛል። ስምዎን ያለ ስሕተት የጻፉ ዕለት አውራ ጣትዎን አንሥተው ብዙ አዩት።

«ከእንግዲህ ይህ ጣት ቀለም አይነካም» አሉ።

ዩኒቨርሲቲ ስገባ ደብተሩን ትቼልዎት ሄድኩ። አንዱን መስመር እየጻፉ አንዱን ለእርማት ሊዘሉልኝ፣ እኔም ለበዓል ስመጣ ላርም ተስማማን። ያልታረመ ጽሑፍ ከቤት አይወጣም ብዬ አጥብቄ ነገርኩዎት። እርስዎም ዓለሙ እንዳይሰማ አጥብቀው ነገሩኝ፤ ልጅዎ የፊደል ተማሪ ሆነው ቢያይዎት የሚያፍሩ መሰለዎት።

ያ ደብዳቤ በአውራ ጣት ታትሞ ሲደርሰኝ እንዴት እንዳነበብኩት አሁን ይገባዎታል። ከልጅነት ብቻ አይደለም ያወጡኝ፤ ያስተማርኩዎትን ሁሉ ፊቴ ላይ መልሰው የወረወሩብኝ መሰለኝ። መሐላዎን ያፈረሱት እኔን ለማዋረድ ነው አልኩ። ስለዚህ የተጻፈልኝን ቃል በቃል ፈጸምኩ፤ ለቅሶዎ ላይ አልቆምኩም፣ ለአርባዎም አልመጣሁም። ከዓመታት በኋላ ዓለሙን ስጠይቀው «አባባ ያሉትን ነው የመታሁት» አለኝ። የመንግሥት መሥሪያ ቤት ጸሐፊ ነበር። አመንኩት።

ዘንድሮ የጥሩወርቅ ልጅ እናቷ ዘንድ ተቀምጦ የኖረውን ሳጥንዎን ላከችልኝ። ለሌላ ሰው ተሰጡ የተባሉት መጻሕፍት በሙሉ እዚያው ናቸው። ከእነሱ ሥር ያ ደብተር አለ። የታይፑ ደብዳቤ የጥር ነው። እርስዎ ደግሞ ከፋሲካ በኋላ በደብተሩ ላይ በገዛ እጅዎ እንዲህ ጽፈዋል፦

«ልጄ፣ ለበዓል ለምን ቀረህ? መታገድህን ዓለሙ ነገረኝ። መታገድ አያሳፍርም፤ እኔም በተማሪነቴ ሁለቴ ተባርሬአለሁ። መጻሕፍቱ ይጠብቁሃል። የሚያርመኝ አጣሁ።»

እንዲህ ያለ ሦስት ገጽ አለ። ለእኔ የተዘለለው መስመር ሁሉ ባዶ ነው።

ይህን ለማወቅ ደብተሩ ባላስፈለገኝ ነበር። በስምዎ አውራ ጣት የሚያትም፣ መፈረም እንደሚችሉ የማያውቅ ሰው ብቻ ነው። በዚያ ቤት ይህን የማያውቀው ማን ነበር? ማስረጃው ከደብዳቤው ግርጌ ተቀምጦ ሳለ፣ ተማርኩ የምለው እኔ ስድብ አድርጌ አነበብኩት።

በእርስዎም ላይ ንዴቴ አልበረደም፣ አባባ። ለገዛ ልጅዎ መጻፍ እችላለሁ ቢሉት ኖሮ ያንን ጣት ለማተም ባልደፈረ። ፊደሉ ጠማማ ቢሆንስ? ገጹን ቀድደው ፖስታ ቤት ቢያስገቡት ኖሮ በማግስቱ አውቶቡስ እሳፈር ነበር። ግን ያልታረመ አይወጣም ያልኩዎት እኔ ነኝ። ይህንንም እዚሁ ልጻፈው።

ዓለሙ የፈራው ይገባኛል። የታገደ ተማሪ ቤቱ ሲመላለስ ቢታይ ከሥራው ይባረር ነበር። መፍራቱን ይቅር ልለው እችል ይሆናል። በእርስዎ አፍ መናገሩን፣ ከዚያም እስኪያርፉ ድረስ አጠገብዎ ተቀምጦ መንገድ መንገዱን ሲያዩ ዝም ማለቱን ግን አልችልም።

ሦስቱን ገጽ አርሜአለሁ። ያገኘሁት አራት ስሕተት ብቻ ነው፤ ገጽ አያስደግምም። በሕይወት እስካለሁ ድረስ በየዓመቱ ከፋሲካ በኋላ በተዘለሉት መስመሮች ላይ መልስ እጽፍልዎታለሁ።

የዚህን ደብዳቤ ግልባጭ ለዓለሙ በአደራ ፖስታ ልኬለታለሁ። አሻራው የራሱ ጣት ነው ወይስ እንቅልፍ ላይ ሳሉ የእርስዎን እጅ ይዞ ነው? መልሱን እስከ ኅዳር ሚካኤል፣ እስከ ኅዳር ዐሥራ ሁለት ቀን ድረስ በጽሑፍ እጠብቃለሁ። በታይፕ የተመታ አልቀበልም። በገዛ እጁ ይጻፍ፣ በገዛ ስሙ ይፈርም። አውራ ጣት አልቀበልም።