እማዬ ጉልበቷን ማጠፍ ስትለማመድ

ውድ እትዬ፣

ስልክ ላይ የምንጀምረው ወሬ ሁሌ በጩኸት ስለሚያልቅ መጻፍ መረጥኩ። እስክጨርስ ድረስ ልታቋርጪኝ አትችይም።

እማዬ ደረጃው ላይ የወደቀች ሰሞን ያልሽውን አልረሳሁትም። «ከቤት ወደ ሱቅ ያለ ሰው እርዳታ መውረድ ካልቻለች መጥቼ እወስዳታለሁ» አልሽ። እሷም ስልኩን ከእጄ ነጥቃ «ተሸክማችሁ የትም አትወስዱኝም!» ብላ ዘጋችብሽ። ክሊኒክ ስንሄድ የፊዚዮቴራፒ ባለሙያዋ አጥንቷ ደህና እንደሆነ፣ የከዳት ጡንቻዋ እንደሆነ ነገረችን። ከዚያ አንድ የዮጋ እንቅስቃሴ አሳየችን። አንዱን እግር ወደፊት አስቀድሞ ጉልበትን ማጠፍ፣ ሌላውን ወደ ኋላ ዘርግቶ መሬት ማስነካት፣ ወገብን ቀና አድርጎ መቆየት፣ ከዚያ እግር መቀየር ነው። ሥዕል ያለበት ወረቀትም ሰጠችን። እማዬ መነጽሯን አድርጋ ወረቀቱ ላይ የተሳለችውን ሴት አየቻት።

«ይቺ ልጅ አልጋ ሥር ምን ጠፍቷት ነው?» አለች።

ሰፋ ያለ ወለል ያለው ታች ልብስ ስፌት ሱቃችን ውስጥ ስለሆነ ጠዋት ጠዋት ደግፌ አወርዳታለሁ። የመቁረጫ ጠረጴዛውን ወደ ግድግዳው እገፋለሁ፣ ለጉልበቷ ጨርቅ አጥፌ አነጥፋለሁ፣ የምትደገፈው ወንበር አቀርብላታለሁ። በፊተኛውና በኋለኛው እግሯ መካከል የሚኖረውን ርቀት ክሊኒክ ውስጥ በሜትር ለክቼው ስለነበር ወለሉ ላይ በልብስ ጠመኔ ሁለት መስመር አሰመርኩላት። እሷ ግን መስመሩ ላይ በቆመች ቁጥር ትንገዳገዳለች። ወንበሩን አንቃ ትይዘውና መልሳ ትረግመዋለች። ጎረቤታችን ፀጉር አስተካካዩ በበር አንገቱን አስግጎ፣ «አይዞዎት እማማ፣ ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» አላት።

«እንቁላሉ ደረጃ ወጥቶ ያውቃል?» አለችው።

ሳቅን እንጂ እኔ ፈርቼ ነበር። ይህ ሱቅ ያለ እሷ ምን እንደሚመስል አላውቅም። አዝራር ስተክል ከኋላዬ ቆማ «ላልቶብሃል!» የምትለኝ ሰው እንድትቀርብኝ አልፈለግሁም።

አንድ ቀን የጠመኔው መስመር ስለጠፋ ተንበርክኬ እንደገና ሳሰምር፣ እማዬ ከላይ ሆና እጄን ትከታተላለች።

«ቆይ፣ ቆይ። መጨረሻ ላይ ምንድን ነው የጨመርከው?»

«ምንም አልጨመርኩም።»

«አራት ጣት ጨመርክ እኮ!»

እውነቷን ነው። ለሚያድግ ልጅ ሱሪ ስንቆርጥ ከልኩ በታች አራት ጣት ትርፍ እንተዋለን። እጄ እኔን ሳያማክር ከመጀመሪያው ጀምሮ ለእሷም ሲተውላት ኖሯል። ያስለመደችኝ ደግሞ ራሷ ናት።

«ልጄ፣ እኔ ከእንግዲህ የማድግ መስሎህ ነው?» አለችና ወንበሩን ይዛ እስክታነባ ሳቀች።

በልኳ አሰመርኩላት። ቀኝ እግሯን አስቀድማ ዝቅ አለች፣ ፊት ለፊቷ የተሰቀለው ኮት ላይ ዓይኗን ተክላ ሳትነቃነቅ ቆየች። ተአምር አልነበረም፤ ግራው እግሯ ከዚያም በኋላ ብዙ አስቸግሯታል። እያደር ግን ወንበሩን በጣቷ ጫፍ ብቻ መንካት ጀመረች፤ ኋላም እሱንም ተወችው።

ትናንት ጠዋት ላወርዳት ስገባ አልጋዋ ባዶ ነው። እየሮጥኩ ብወርድ ሱቅ ውስጥ ካውያ ስታሞቅ አገኘኋት። ብቻዋን ነው የወረደችው።

«በቃ!» አልኳት። «እትዬ ከእንግዲህ ምንም ማለት አትችልም። የትም አትሄጂም።»

ካውያውን አስቀምጣ አየችኝ። «ማን አልሄድም አለ? ተሸክማችሁ አትወስዱኝም ነው ያልኩት።»

«እንዴ! ታዲያ ይህ ሁሉ መከራ ለምን ነበር?»

«ባሏ ካረፈ ወዲህ እዚያ ቤት ብቻዋን ናት። ስልክ ላይ ስትጮህ አንተ ቁጣ ነው የሚሰማህ። እኔ ወልጃታለሁ፤ ሌላ ነው የምሰማው። ልደግፋት የምሄድ ሰው እኔው ተደግፌ ልግባባት?»

ካውያውን ተቀብያት መተኮስ ጀመርኩ።

ይህን እንዳልነግርሽ አስጠንቅቃኛለች። ልነግርሽ የወሰንኩት እኔ ነኝ፤ የምትመጣው አንቺ ስላሸነፍሽ እንዳይመስልሽ። እኔ ትቀርልኛለች ብዬ ነበር ያለማመድኳት፤ እውነቱን ለመናገር ቅር ብሎኛል። እሷ ግን ልብሷን ማጣጠፍ ጀምራለች።

እሑድ በጠዋቱ አውቶቡስ ትገባለች። የአውቶቡሱ በር ከፍ ይላል፤ ለመውረድ ጊዜ ይወስድባታል። እጇን ልያዝ ብለሽ እንዳትሮጪ። ራቅ ብለሽ ቆመሽ ጠብቂያት። ከወረደች በኋላ ማልቀስ ካማረሽ ትከሻዋ ላይ አልቅሺ።

ትችልሻለች።

ታናሽ ወንድምሽ